ቤት የማይሠራበት መሬት ለምን ይገዛል?

ባለፈው ወር ስለ በርበሬ ዋጋ ስጽፍ በመሃል «ሰኞ ሰኞ ምግብ ቤቱ ዝግ ስለሆነ ጫካ ነኝ» ብዬ አልፌ ነበር። እንደ ዋዛ የጣልኳት ይህች ቃል ከበርበሬው የበለጠ ስልክ አስደወለችብኝ። አንዱ ደንበኛዬ «ምነው፣ ጫካ ገባህ? ከመንግሥት ጋር ተጣላህ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። አንዲት እህት ግን ቁም ነገር ይዛ መጣች። እሷና ባለቤቷ ለዓመታት ያጠራቀሟት ገንዘብ አለች። ባልየው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም እንግዛ ይላል። እሷ ደግሞ ልጆቹ ከስልክ ላይ አልነሳ ስላሉ ከለንደን ወጣ ብሎ ትንሽ ደን ቢገዛ ትወዳለች። «እውነት ደን ይሸጣል? ቢሸጥስ ምን ያደርግልናል?» አለችኝ። ዶሮ ወጥ እስኪታሸግ ቆማ በምትጠብቅበት ጊዜ የሚመለስ ጥያቄ ስላልሆነ ለእሷም ለእናንተም እዚህ ልመልሰው።

አዎ፣ ይሸጣል። እኔና ሦስት ጓደኞቼ ኬንት ውስጥ 6 ኤከር ደን በጋራ ከያዝን 9 ዓመት ሆነን። እንግሊዝ አገር ውስጥ ትልልቅ ደኖችን ገዝተው፣ በ3፣ በ5፣ በ10 ኤከር ቆራርጠው ለቤተሰብ የሚሸጡ ድርጅቶች አሉ። ገበሬም ይሸጣል። ዜግነት አይጠየቅም። አንድ ኤከር 4 ሺህ ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ ጥማድ እንደየአገሩ ቢለያይም በእኛ አንድ ተኩል ጥማድ ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ዋጋው ግን እንደ እርሻ መሬት አይደለም። ለንደን አካባቢ ባሉት አውራጃዎች ትንንሽ ደን በኤከር ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ ሲጠየቅበት ማየት የተለመደ ነው። ትንሽ ሲሆን በኤከር ይወደዳል፣ ከለንደን ሲርቅ ይረክሳል። ባንክ ለዚህ ብድር መስጠት ስለማይወድ አብዛኛው ሰው በጥሬ ገንዘብ ነው የሚገዛው። ደን የመኖሪያ ቤት ስላልሆነ እስከ 150 ሺህ ፓውንድ ድረስ የስታምፕ ቀረጥ የለበትም፤ ቤት ያልተሠራበት ባዶ ደን ካውንስል ታክስም አይከፈልበትም።

ለእኛ ሰው «የግል ደን» የሚለው ቃል ራሱ እንግዳ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ፣ አሁን ያለውም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ስለሚል፣ የእኔ ትውልድ «መሬቴ» ሲል የመጠቀም መብቱን ማለቱ ነው። ስለዚህ ውል ፈርሞ፣ በመሬት መዝገብ ቤት ስሙን አስጽፎ፣ የ200 ዓመት ኦክ ሥር ቆሞ «ይሄ የእኔ ነው» ማለት ያደናግራል። ይጣፍጣልም፣ አልዋሽም። ችግሩ ያለው እዚህ ጣፋጭ ላይ ነው። መሬት ሲባል እኛ ቶሎ ትዝ የሚለን ቤት ነዋ!

ቤት አይሠራበትም። ደግሜ ልበላችሁ? ቤት አይሠራበትም። «ቀስ ብለን አንዲት ክፍል እናስገባለን»፣ «ካራቫን አምጥተን እናቆማለን፣ ማን ያየናል?» የሚሉኝ አሉ። ካውንስሉ ያያል። ካውንስሉ ባያይ ጎረቤት አይቶ ይነግረዋል። ደን ውስጥ መኖር የግንባታ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ፈቃዱ ደግሞ አይሰጥም ብላችሁ ብታስቡ ይሻላችኋል። ያለ ፈቃድ የተሠራውን በራስ ወጪ አፍርሱ ይባላል። የደን ሥራ ዕቃ ማስቀመጫ ጎጆ መሥራት ይቻላል፤ እሱም ቢሆን አስቀድሞ ለካውንስሉ አሳውቆ መልስ ጠብቆ ነው። ድንኳን ተክሎ ማደርን በተመለከተ ሕጉ ጊዜያዊ አጠቃቀምን በዓመት ለ28 ቀናት ይፈቅዳል፤ በተለየ ሁኔታ በተጠበቁ ቦታዎች ግን ይሄም ሊከለከል ይችላል። 28 ቀን ለእኔ በቂ ነው። ባለፈው ዓመት 7 ሌሊት ብቻ ነው ያደርነው፣ ለዚያውም በአንዱ ሌሊት ዝናብ አባሮን መኪና ውስጥ ተኛን።

እንጨቱስ? የራሴ ዛፍ ነው ብሎ እንደልብ መቁረጥም የለም። ደኖችን የሚቆጣጠረው የፎረስትሪ ኮሚሽን ነው። የተቋቋመው በ1919 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያን ጊዜ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት አገሪቱ ደኗን ጨርሳ ከመሬቷ 5 በመቶው ብቻ በዛፍ የተሸፈነ ነበር። ዛሬ መላው ብሪታንያ 13 በመቶ ደርሷል። ስለዚህ ሰዎቹ ይጠነቀቃሉ፣ አይፈረድባቸውም። ያለ ፈቃድ መቁረጥ የሚቻለው በሦስት ወር ውስጥ እስከ 5 ሜትር ኪዩብ ነው፤ ከዚያ ውስጥ የሚሸጠው ከ2 ሜትር ኪዩብ አይበልጥም። አንድ ትልቅ ኦክ ብቻውን ይህን ሊጨርሰው ይችላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ፈቃዱ ገንዘብ አይከፈልበትም፣ ግን ጊዜ ይወስዳል። ያለ ፈቃድ የቆረጠ ሰው ላይ ደግሞ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጣለው ቅጣት ጣሪያ የለውም።

ይህን ሁሉ ስትሰሙ «ታዲያ ምኑን ገዛችሁት?» ማለታችሁ አይቀርም። የጓደኛዬም ሚስት ያለችው ይህንኑ ነው። ቤት የማይሠራበት፣ ሰብል የማይዘራበት፣ ዛፉ እንደልብ የማይቆረጥበት መሬት! እኔ ግን ዋጋውን የምናስበው በዚህ ነው እላለሁ። መሥራት ቢፈቀድ ኖሮ ዋጋው አሥር እጥፍ ሆኖ ለእኛ አይደርስም ነበር። ቢደርስም አንደኛችን አፓርታማ፣ አንደኛችን የመኪና ማጠቢያ አድርገነው ነበር። ራሳችንን እናውቃለን እኮ።

አሁን ወደሚጥመው ክፍል ልግባ። ኬንትና ሰሴክስ ውስጥ ብዙ ደን ቼስትነት የሚባለው ዛፍ ነው፤ በገና ሰሞን ለንደን መንገድ ዳር ተጠብሶ የሚሸጠው ፍሬ የሚገኝበት። ይህን ዛፍ የሚይዙበትን ዘዴ ለፈረንጅ ብታስረዱት ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ለእኛ ሰው ግን አንድ ቃል ይበቃል፦ ባህር ዛፍ። ባህር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው አምስት ስድስት ሆኖ ያቆጠቁጥ የለ? ቼስትነቱም ሄዘሉም እንዲሁ ነው። ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ በክረምት ይቆረጣል፣ በጸደይ ከጉቶው ብዙ ቀንበጥ ይወጣል፣ ከ12 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ አድጎ ለአጥር ቋሚ ሲደርስ እንደገና ይቆረጣል። ዳግማዊ ምኒልክ ለአዲስ አበባ ማገዶ ብለው ባህር ዛፍ ከማስመጣታቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጀምሮ እዚህ ሲሠራበት የኖረ ዘዴ ነው። አንዳንዱ ጉቶ ከኦኮቹ ይበልጥ ያረጀ ነው፤ ላዩ ወጣት፣ ሥሩ አዛውንት።

መቁረጡ ለአራዊቱም ይጠቅማል፤ መጀመሪያ ስሰማ የማይመስለኝ ነገር ነበር። ደን ጥላው ሲበዛ መሬቱ ባዶ ይሆናል። አንድ ጥግ ሲቆረጥ ፀሐይ ይገባል፤ ለዓመታት አፈር ውስጥ ተኝቶ የነበረ ዘር ይነሳል፣ አበባ ይመጣል፣ አበባውን ተከትሎ ቢራቢሮ ይመጣል። ብሉቤል የሚባለው ሰማያዊ አበባ በሚያዝያና በግንቦት፣ የዛፎቹ ቅጠል ገና ጥላ ሳይጥል፣ መሬቱን ምንጣፍ ያስመስለዋል። ያን ሰሞን ልጆች ከመንገዱ ወጥተው እንዳይረግጡት ንገሯቸው፤ ቅጠሉ ከተረገጠ ለዓመታት አያገግምም። እኛ በየክረምቱ አንድ ጥግ ብቻ፣ የቴኒስ ሜዳ የሚያህል እንቆርጣለን። ከጉቶ ያደገ ዛፍ ውፍረቱ በደረት ቁመት ላይ ከ15 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ የቆረጣ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ያ ለእጅ መጋዝ የሚበቃ ውፍረት ነው። የሞተር መጋዝ ግን ኮርስ ሳትወስዱ፣ ሱሪውንና ኮፍያውን ሳታደርጉ እንዳትነኩት። ወጥ ቤት ውስጥ 20 ዓመት ቢላዋ የያዘ ሰው ነው ይህን የሚነግራችሁ።

ከዚያ እንጨት ከሰል እናወጣለን። የ200 ሊትር በርሜል፣ ደረቅ እንጨት ተደርድሮ፣ ከሥር ትንሽ አየር። መጀመሪያ የሚወጣው ጭስ ነጭና ከባድ ነው፤ ውኃው ነው የሚወጣው። ጭሱ ሰማያዊ ሆኖ ሲሳሳ አየሩን በአፈር ደፍኖ እስከ ማግሥቱ መተው ነው። ከ5 ወይም 6 ኪሎ እንጨት 1 ኪሎ ከሰል ቢገኝ ነው። ለምግብ ቤት አይበቃም፣ ለቡና ግን ይተርፋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፦ ከሰል ቤት ውስጥ፣ ድንኳን ውስጥ፣ ካራቫን ውስጥ አታቀጣጥሉ። መርዛማ ጋዙ ሽታ የለውም፤ ሰው ተኝቶ ይቀራል። እንዲህ በስደት አገር ወገን ማጣታችንን የምታውቁ ታውቃላችሁ።

አማቴ ከደቡብ ጎንደር ሊጠይቁን የመጡ ጊዜ ወደ ደኑ ወሰድኳቸው። መኪና መንገዱ ላይ ወርደው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቀና ብለው ዛፎቹን አዩና፣ «የማን ታቦት ነው ያለበት?» አሉኝ። ታቦት እንደሌለው ስነግራቸው ደነገጡ። እሳቸው አገር የቀረ ትልቅ ዛፍ ያለው ደብር ቅጥር ውስጥ ነዋ። ጎንደርና ጎጃም ላይ በአውሮፕላን ያለፈ ሰው ያየዋል፤ የታረሰ ቡናማ መሬት መሃል ክብ ክብ አረንጓዴ ነጠብጣብ፣ መሃሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ዋንዛው እዚያ ነው የተረፈው። የደን ምሁሩ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው፣ ከቀሳውስቱና ከምእመኑ ጋር እየመከሩ፣ ከብት ችግኙን እንዳይበላ በእነዚህ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ ሲያስክቡ ዓመታት ሆኗቸዋል። ድንጋዩ ከየማሳው የሚለቀም ስለሆነ ገበሬውም ማሳው ይጸዳለታል።

ትንሽ እንደሄድን አማቴ ጎንበስ ብለው የወደቀ ጭራሮ መልቀም ጀመሩ። አንድ ግንድ ወድቆ ሲበሰብስ አዩ። «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ማገዶ ወድቆ የሚያነሳው የለም? ነውር አይደለም?» አሉኝ። እንጨት ፍለጋ የግማሽ ቀን መንገድ ሄዶ ላደገ ሰው ነውር ነው፤ ምን ልበላቸው? ግን እዚህ የወደቀ ግንድ የብዙ ፍጥረት ቤት ነው። ስታግ ቢትል የሚባለው ባለ ቀንድ ትልቅ ጥንዚዛ ደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ውስጥ ይገኛል፤ ትሉ ከመሬት ሥር የበሰበሰ እንጨት እየበላ ከ3 እስከ 7 ዓመት ይቆያል፣ ከዚያ ወጥቶ በጥንዚዛነቱ የሚኖረው አንድ በጋ ብቻ ነው። ጉቶውን ያነሳን ቀን እሱ አለቀለት። ግንደ ቆርቁሩም ትሉን ፍለጋ ይመጣል። በጥቅምት 1987 እ.ኤ.አ. የደረሰው ታላቁ ማዕበል በአንድ ሌሊት 15 ሚሊዮን ያህል ዛፍ በጣለ ጊዜ፣ ተቻኩለው በትራክተር ከጠረጉት ይልቅ እንደወደቀ የተዉት ብዙ ቦታ ላይ ደኑ ራሱ ቶሎ አገገመ። ይህን ሁሉ ለአማቴ አስረዳኋቸው። ሰሙኝ። ሰምተው ሲያበቁ አንድ ሸክም ጭራሮ በመቀነታቸው አስረው ነበር። ያን ዕለት ቡናው በእሱ ፈላ፣ እኔም አልተከራከርኩም።

አራዊት ላላችሁ፣ አሉ። ቀን ብትሄዱ ወፍና ግራጫ ስኩዊረል ነው የምታዩት። ስኩዊረሉ የዚህ አገር አይደለም፤ ከሰሜን አሜሪካ አምጥተው መጀመሪያ የለቀቁት በ1876 እ.ኤ.አ. እንደሆነ ይጻፋል። የወጣት ዛፍ ልጣጭ ልጦ ያደርቃል። መንትጃክ የምትባለዋ ትንሽ የእስያ አጋዘንም እንዲሁ በሰው እጅ መጥታ የቀረች ናት፤ የሚዳቋ ቁመት አላት፣ ከጉቶው የወጣውን ቀንበጥ በአንድ ሌሊት ትጨርሰዋለች። እኛም እንደ ደብሮቹ አጥር ነው የሠራነው፣ ከድንጋይ ሳይሆን ከራሱ ከደኑ ቅርንጫፍ ተጎንጉኖ። ወፎች ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ጎጆ ስለሚሠሩ ያን ወቅት መጋዝ አናነሳም፤ ጎጆ ማፍረስ በሕግ ያስጠይቃል። የሌሊት ወፍና ዶርማውስ የምትባለው ወርቃማ አይጥ ደግሞ ከዚያም በላይ ይጠበቃሉ። ዶርማውሷ ክረምቱን ሙሉ ትተኛለች፤ የምግብ ቤት ሠራተኛ ቢቀናባት አይፈረድበትም።

ለልጆቻችሁ አንድ ነገር ልምከር። እንስሳ ሲያልፍ ራሷ ፎቶ የምታነሳ ካሜራ አለች፤ ግንድ ላይ ታስራችሁ መሄድ ነው። የ15 ዓመቱ ልጄ «ጫካ ምን ይሠራል?» ሲል የነበረ፣ አሁን ሰኞ ማታ ከትምህርት ቤት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ የካሜራዋን ካርድ ነው። ባለፈው ክረምት ቀበሮ፣ ጉጉት፣ ሁለት መንትጃክና አንድ የጎረቤት ድመት ተነሥተዋል። ስልኩን አልተወም፣ ካርዱን የሚያየው በስልኩ ነው። እኔ በዚህ ረክቻለሁ።

መዥገርን አትርሱ። ከፀደይ እስከ መኸር ረጅም ሱሪ ለብሳችሁ ሱሪውን ካልሲ ውስጥ አስገቡ። ማታ ልጆቹን ከጉልበት ጀርባ፣ ከብብት፣ ከፀጉር ሥር ፈትሿቸው። የተጣበቀውን በመዥገር መንቀያ አውጡት። በቀጣዮቹ ሳምንታት እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ምልክት ካያችሁ ወይም ትኩሳት ከመጣ ወደ ሐኪም ሂዱ፣ «ደን ነበርን» ብላችሁ ንገሩ።

ወጪውንም ልንገራችሁ፣ ከገዙ በኋላ ያለውን ማንም አያወራውምና። ኢንሹራንስ ያስፈልጋል፤ ሰው መሬታችሁ ላይ ቢጎዳ፣ ሳትጋብዙት የገባ እንኳ ቢሆን፣ ተጠያቂ ልትሆኑ ትችላላችሁ። እሱ ብዙ አይደለም። ብዙ የሆነብን አሽ የሚባለው ዛፍ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. እዚህ አገር መግባቱ የተረጋገጠ የፈንገስ በሽታ አለ፤ አሽን ከጫፉ ጀምሮ ያደርቀዋል፣ የደረቀው እንጨት ደግሞ ያለ ማስጠንቀቂያ ተሰብሮ ይወድቃል። የእኛ ደን ጠርዝ ላይ የሕዝብ መተላለፊያ መንገድ አለ፣ እዚያ ላይ ያጎነበሱ ሦስት አሾች ነበሩ። እንዲህ ያለውን ራሳችሁ አትሞክሩም። ገመድና ኢንሹራንስ ያለው ባለሙያ አስመጥተን በአንድ ቀን የከፈልነው ገንዘብ ከብዙ ዓመት ኢንሹራንሳችን ይበልጣል። ለአራት ስለተካፈልነው ቻልነው።

መተላለፊያ መንገድ ካልኩ ዘንድ፣ የሕዝብ መብት ያለበትን መንገድ ባለቤትም ቢሆን አይዘጋም። ውሻ ይዘው የሚያልፉ ሰዎች አሉ። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሽማግሌ ቆመው፣ አራት ጥቁር ወንዶች መጥረቢያ ይዘን ሲያዩን፣ «መንገድ ጠፋባችሁ? ልርዳችሁ?» አሉን። አጠያየቁን ታውቁታላችሁ፤ ትሕትናው ላይ ነው፣ ጥያቄው ሥሩ ነው። ጓደኛዬ ተናደደ። እኔ «የለም፣ ደናችን ነው፣ ቡና ይጠጣሉ?» አልኳቸው። አልጠጡም። አሁን ሰላም ይሉናል፣ አንድ ቀን ዛፍ መግቢያውን ሲዘጋው ደውለው የነገሩንም እሳቸው ናቸው። ሌሎች ግን ዛሬም በየጊዜው ይጠይቃሉ። የምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ዙሪያውን ያሉትን ጎረቤቶች ዞራችሁ ተዋወቁ፤ ፍትሐዊ ነው ብዬ አይደለም፣ ከቤተሰብ ጋር ስትሆኑ ፖሊስ ተጠርቶ ልጆቻችሁ ፊት ከመነጋገር ይሻላል ብዬ ነው።

በጋራ ስለመግዛት ብዙዎቻችሁ ጠይቃችኋል። እቁብ ለለመደ ሰው ይመቻል። ነገር ግን በእንግሊዝና በዌልስ በአንድ መሬት መዝገብ ላይ ስማቸው በባለቤትነት የሚሰፍረው ከአራት ሰው አይበልጡም። ከዚያ በላይ ከሆናችሁ አራቱ ለሌሎቹ በአደራ የያዙ መሆናቸው በሰነድ መጻፍ አለበት። አራትም ብትሆኑ፣ ወንድማማችም ብትሆኑ፣ የእያንዳንዱ ድርሻ ስንት እንደሆነ፣ አንዱ ቢሞት ድርሻው ለማን እንደሚሄድ፣ አንዱ መውጣት ቢፈልግ ዋጋውን ማን እንደሚገምት በሶሊሲተር አጽፉ። ሲጻፍ ጓደኞቼ «እኛ እኮ እንተማመናለን» ብለው ነበር። በአምስተኛው ዓመት አንደኛው ምግብ ቤት ሊከፍት ገንዘብ ፈለገ። ሁለታችን ዋጋው ወርዷል አልን፣ እሱ እጥፍ ሆኗል አለ፣ አራት ወር በሰላምታ ብቻ ከረምን። ወረቀቱ «ሁሉም የተስማሙበት ገማች ይገምታል፣ ውሳኔው የመጨረሻ ነው» ይል ስለነበር ገማች መጣ፣ ገመተ፣ ከፈልነው፣ ሌላ ጓደኛ ተተካ። የወጣው ሰውዬ ዛሬም በፋሲካ ማግሥት ደኑ ውስጥ በግ አብሮን ያርዳል ብል ደስ ባለኝ፤ ማረድ እዚያ ስለማይፈቀድ ሥጋውን ከሉካንዳ ገዝቶ ነው የሚመጣው።

ከመክፈላችሁ በፊት ደኑን በጥር እዩት። በግንቦት ሁሉም ደን ያምራል፤ ሻጮቹም ፎቶውን የሚያነሱት በግንቦት ነው። በጥር ጭቃው ስንት እንደሆነ፣ መኪናችሁ ገብታ ትወጣ እንደሆነ ይታያል። መግቢያው በሌላ ሰው መሬት ላይ ከሆነ የማለፍ መብታችሁ በጽሑፍ ይኑር። የአደን መብቱ አብሮ ይሸጥ እንደሆነ ጠይቁ፤ ሻጩ ለራሱ ካስቀረው ወይም ለሌላ ከሰጠው፣ እናንተ ቡና ስታፈሉ ጠመንጃ የያዘ ሰው በሕጋዊ መንገድ ሊገባ ይችላል። ሽያጩ ላይ የተጨመሩ ክልከላዎችን አንድ በአንድ አንብቡ፦ ድንኳን አትትከሉ፣ ሞተር ብስክሌት አታስገቡ፣ ከፋፍላችሁ አትሽጡ የሚሉ ይኖራሉ። ከ1600 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደን ሆኖ የኖረ ከሆነ ጥንታዊ ደን ይባላል፤ ሲሸጥ ይወደዳል፣ ለአበባው ይመረጣል፣ ነገር ግን የምትተክሉትንና የምታነሡትን አስባችሁ መሆን አለበት።

እንግዲህ ለእህቴ መልሴ ይህ ነው። ያላችሁ ገንዘብ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝና ነገ ልትፈልጉት የምትችሉት ከሆነ ደኑን ተዉት፤ ሲቸግር ቶሎ አይሸጥም፣ ኪራይ አያስገባም፣ ብድር ተወስዶ የሚገዛ ነገርም አይደለም። ባለቤትሽ ከዚህ አንጻር ልክ ነው። ኮንዶሚኒየሙ የተሻለ ነው ማለቴ ግን አይደለም፣ እሱ ራሱን የቻለ ጉድ ስለሆነ ሌላ ወር እንመለስበታለን። ገንዘቡን ሦስት አራት ቤተሰብ ተካፍሎት፣ ቢቀርም ቤታችሁን የማያናጋ ከሆነ ግን፣ እና ልጆቹ እስኪያድጉ 10 ዓመት የሚቀራችሁ ከሆነ፣ እኔ ብሆን አልዘገይም። ከመወሰናችሁ በፊት ባልየውን ይዘሽው ነይ፤ ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከምግብ ቤቱ በር እንነሣለን። ቦት ጫማ አድርጉ። ጀበናውና ስኒው እኔ ጋ አለ። እሳቱን የምናነደው ከዛፍ ሥር ራቅ ብለን፣ ቅጠሉ ተጠርጎ አፈሩ በታየበት ቦታ ነው፤ ስንነሣ ሁለት ጀሪካን ውኃ እናፈስበትና በእጃችን ዳስሰን ቀዝቃዛ መሆኑን እናያለን።